የኢ-ሜይል አድራሻና የተጠቃሚ አካውንት፦ ከሆሳዕና እስከ ጆሃንስበርግ የሚዘልቅ የአባላት መዝገብ

ሆሳዕና — ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሆሳዕና ከተማ ሁለት ስም አላት። በነባሩ የአካባቢው ሕዝብ አጠራር ዋቸሞ፣ በመንግሥት ማኅደርና በካርታ ደግሞ ሆሳዕና ናት። በ2004 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው ዩኒቨርሲቲ በዋቸሞ ስም ሲጠራ፣ ከእርሱ የሚቀድመው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በሆሳዕና ስም ይጠራል። "ዋቸሞ" ብሎ የተሳፈረውም ሆነ "ሆሳዕና" ብሎ የተሳፈረው መንገደኛ ግን የሚወርደው በአንድ መናኸሪያ ነው። ስሙ ሁለት፣ ከተማው አንድ መሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ኮምፒዩተር ግን ይህን የሚያውቀው በግልጽ ሲነገረው ብቻ ነው። አንድ ሰው ሁለት የኢ-ሜይል አድራሻ ካለው ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰዎች አድርጎ ይመዘግበዋል። አድራሻውን የቀየረ ሰውም በኮምፒዩተሩ ዘንድ እንደጠፋ ይቆጠራል። ይህ ጉዳይ ቀላል የቴክኒክ ጥያቄ ይመስል እንጂ፣ ገንዘብ በሚዋጣበት፣ ቃለ ጉባኤ በሚላክበትና የድጋፍ ደብዳቤ በሚጠበቅበት የአባላት መዝገብ ላይ ሲደርስ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ሜይሊንግ ሊስት ወይም የኢ-ሜይል ስርጭት ዝርዝር ማለት ወደ አንድ አድራሻ የተላከን መልዕክት ተቀብሎ በመዝገቡ ላይ ላሉት አባላት ሁሉ የሚያደርስ አሠራር ነው። ላኪው የሁለት መቶ ሰዎችን አድራሻ መያዝ አይጠበቅበትም። አንዱን የዝርዝሩን አድራሻ ማወቁ ይበቃዋል። ቀሪውን ሥራ ሶፍትዌሩ ይሠራል። ለዚህ አገልግሎት ቀድሞ ስም ያተረፈው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ በ1986 በፓሪስ ተማሪ የነበረው ኤሪክ ቶማስ የሠራው ሊስትሰርቭ ሲሆን፣ በኋላ በዩኒቨርሲቲዎችና በማኅበራት ዘንድ በስፋት የተሠራጨው ደግሞ ሜይልማን የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው።

በአሁኑ ወቅት ወጣቱ በቴሌግራምና በዋትስአፕ እንደሚወያይ ግልጽ ነው። ይሁንና የሒሳብ ሪፖርት፣ የመተዳደሪያ ደንብ ረቂቅና የምርምር ጥሪ የመሳሰሉት ሰነዶች፣ በተለይም አባላቱ በተለያዩ አገሮች ተበትነው በሚገኙበት ጊዜ፣ ዛሬም የሚጓዙት በኢ-ሜይል ነው። ለሀዲያና ለከምባታ ከተሞች ይህ ሩቅ ምሳሌ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔ፣ ከአንጋጫ፣ ከሺንሺቾና ከዙሪያ ገባቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዛት በአካባቢው እያንዳንዱ ቀበሌ ይታወቃል። ትምህርት ቤት ለማሠራት ወይም ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ለመድረስ የሚሰባሰቡ ወገኖች ግማሾቹ እዚህ፣ ግማሾቹ ጆሃንስበርግና ኬፕታውን ናቸው። መዝገቡም የሚይዛቸው በኢ-ሜይል አድራሻቸው ወይም በስልካቸው ነው።

አድራሻ የሚያልፍበት፣ ሰው የሚቀርበት

የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነው። በዚያን ዘመን ኢ-ሜይል የነበረው ሰው አድራሻው "ቴሌኮም ነጥብ ኔት ነጥብ ኢቲ" በሚል ያበቃ ነበር። በኋላ "ኢትዮኔት ነጥብ ኢቲ" የሚለው ተተካ። በስልክ መስመር እየተንጫጫ የሚገናኘውን ሞደም ያስታወሰ አንባቢ፣ አንድ ደብዳቤ እስኪወርድ ሻይ ታዝዞ ይጠጣ እንደነበርም አይዘነጋውም። የክልል ከተማ ነዋሪው ደግሞ በአብዛኛው በኢንተርኔት ካፌ ተቀምጦ የያሁ ወይም የሆትሜይል አድራሻ ያወጣ ነበር። ጂሜይል እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2004 ከመጣና የአንድሮይድ ስልክ ከተስፋፋ በኋላ ግን የብዙው ሰው አድራሻ ወደዚያው ዞሯል። የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑም በኅዳር 2003 ዓ.ም ቦታውን ለኢትዮ ቴሌኮም ለቋል።

በዚህ ሁሉ ሂደት ሰውዬው ያው አንድ ሰው ነው። የተለዋወጠው አድራሻው ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም የአገሪቱ የስልክ ቁጥር ሲቀየርና ከፊት ያለው ዜሮ ተጨምሮ ቁጥሩ አሥር አኃዝ ሲሆን፣ ለውጡ ለሁሉም ደንበኛ በአንድ ጊዜ የተደረገና አስቀድሞ የተነገረ ነበር። ማንም ደንበኛ አዲሱን ቁጥሩን ለማወቅ ሕጉን ማወቅ ይበቃው ነበር። የኢ-ሜይል አድራሻ ግን እንዲህ የሚያስተካክለው የበላይ አካል የለውም። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጊዜ ይቀይራል፤ ለግማሹ ወዳጁ ይነግራል፣ ግማሹን ይረሳል። ከሚረሱት መካከል ቀዳሚው የስርጭት ዝርዝሩ ነው።

የቀድሞው አሠራር

እ.ኤ.አ በ2002 መጨረሻ የወጣውና ለረጅም ዓመታት ያገለገለው የሜይልማን 2.1 ዝርያ "ሰው" የሚባል ነገር በመዝገቡ አልነበረውም። የነበረው አድራሻ ብቻ ነው። አንድ አድራሻ በአንድ ዝርዝር ላይ ሲመዘገብ አንድ አባል ይሆናል፤ የራሱ የይለፍ ቃልም ይሰጠዋል። ያው ሰው በአምስት ዝርዝሮች ቢመዘገብ አምስት አባልነትና አምስት የይለፍ ቃል ይኖረዋል። የይለፍ ቃሉ እንዳይረሳ በሚል ሶፍትዌሩ በፈረንጆቹ ወር መባቻ ለአባላቱ ማስታወሻ ይልክ ነበር፤ በማስታወሻው ላይ የይለፍ ቃሉ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። በዛሬ ዓይን ሲታይ የቤት ቁልፍን በየወሩ በፖስታ እንደመላክ ያለ ነው።

አባሉ አድራሻውን ለመቀየር ሲፈልግ ወደ ገጹ ገብቶ አዲሱን አድራሻ ይሞላል፣ ወደ አዲሱ አድራሻ ለሚላክለት የማረጋገጫ መልዕክት መልስ ይሰጣል። በአንድ ሰርቨር ላይ ያሉትን አባልነቶቹን በአንድ ጊዜ የሚቀይርበት አማራጭም ነበረው። ችግሩ የሚመጣው የድሮውን የይለፍ ቃል ረስቶ፣ የድሮውንም አድራሻ መክፈት ካልቻለ ነው። የይለፍ ቃል ማስታወሻው የሚላከው ወደ ድሮው አድራሻ ስለሆነ ሰውዬው ከበሩ ውጭ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ አላመለጠም። የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኞችን ለማገናኘት በተከፈተ አንድ ዝርዝር ላይ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው እርሱ ብቻ ነበር። አድራሻውን የሰጠው ድርጅት አገልግሎቱን ባቋረጠ ጊዜ ዝርዝሩ መሥራቱን ቀጠለ፤ የመዝገቡ ቁልፍ ግን በማይከፈት ሳጥን ውስጥ ቀረ። አዲስ አባል ማስገባትም ሆነ የሞተ ጓደኛን አድራሻ ማውጣት አልተቻለም። በመጨረሻ ሌላ ዝርዝር ተከፍቶ ሰው አንድ በአንድ እንደገና ተሰበሰበ፤ ሁሉም ግን አልተገኘም።

ተጠቃሚ፣ አድራሻና አባልነት

እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2015 የወጣው ሜይልማን 3 መዝገቡን ከመሠረቱ ለውጦታል። በአዲሱ አሠራር ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ተጠቃሚ የሚባለው ሰውዬው ራሱ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። አድራሻ የሚባለው ደብዳቤ የሚደርስበት ሳጥን ነው፤ አንድ ተጠቃሚ ብዙ አድራሻ ሊኖረው ይችላል፣ አንድ አድራሻ ግን የአንድ ተጠቃሚ ብቻ ነው። አባልነት ደግሞ ተጠቃሚውን ወይም አድራሻውን ከአንድ ዝርዝር ጋር የሚያገናኘው ክር ነው።

ይህ አሠራር ለዕድር ሰብሳቢ አዲስ አይሆንበትም። የዕድር መዝገብ አባሉን የሚያውቀው በስሙ ነው። ከጎፈር ሜዳ ወደ ሴች ዱና ክፍለ ከተማ ቤት የቀየረ አባል ከዕድሩ አይሰረዝም፤ ጥሩንባ ነፊው የሚሄድበት ደጅ ብቻ ይቀየራል። የቀድሞው ሜይልማን በአንጻሩ የቤት ቁጥርን እንደ አባል የሚቆጥር ዕድር ነበር ማለት ይቻላል።

ከተጠቃሚው አድራሻዎች መካከል አንዱ "ዋና" ተብሎ ይመረጣል። ለመመረጥ ግን አስቀድሞ የተረጋገጠ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ቁም ነገር አለ። በሜይልማን 3 አንድ ሰው ወደ ዝርዝር የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በተጠቃሚነቱ፣ ማለትም "ዋና አድራሻዬ በሆነው ሁሉ ላኩልኝ" ብሎ መግባት ነው። ሁለተኛው "በዚህ አድራሻ ብቻ ላኩልኝ" ብሎ መግባት ነው። በመጀመሪያው መንገድ የገባ አባል ዋና አድራሻውን በቀየረ ቅጽበት አባልነቱ ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል። በሁለተኛው መንገድ የገባው ግን ዋና አድራሻውን ቢቀይርም ያ ዝርዝር ባለበት ይቆያል፣ ደብዳቤውም ወደ ድሮው አድራሻ መሄዱን ይቀጥላል። "ዋና አድራሻዬን ቀየርሁ፤ ደብዳቤው ግን አሁንም ወደ አሮጌው ይሄዳል" የሚለው አቤቱታ በአመዛኙ መነሻው ይኸው ነው፤ የሶፍትዌሩ ስህተት አይደለም።

ሁለቱም መንገዶች የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ለምሳሌ አንድ የዶዮገና ተወላጅ መምህር እንውሰድ። ከዩኒቨርሲቲ የተሰጠው የሥራ አድራሻ አለው፣ በስልኩ የሚከፍተው ጂሜይል አለው፣ ከተማሪነቱ ዘመን የተረፈ ያሁም አለው። የቀድሞ ምሩቃን ዝርዝር ዕድሜውን ሙሉ ሊከተለው ስለሚገባ በዋና አድራሻው ቢገባ ይበጀዋል። የትምህርት ክፍሉ የምርምር ዝርዝር ግን ከሥራው ጋር የተያያዘ ነውና በሥራ አድራሻው ቢታሰር ይሻላል፤ ሥራ ሲለቅ ያ አባልነትም አብሮ ያበቃል። ሦስቱም አድራሻዎች በአንድ ተጠቃሚ ሥር ከተያያዙና ከተረጋገጡ፣ በስህተት ከሌላው አድራሻው የላከው መልዕክት እንኳ "ላኪው አባል አይደለም" ተብሎ ሳይታገድ እንደ አባል መልዕክት ሊስተናገድ ይችላል። ቀድሞ እንዲህ ያለው መልዕክት የዝርዝሩ ኃላፊ እስኪያየው ድረስ ተይዞ ይቆይ ነበር፤ ኃላፊው ካላየው ደግሞ እዚያው ይቀራል።

አንድ የቴክኒክ ነጥብ ለሰርቨር ባለሙያዎች መጨመር ተገቢ ነው። በሜይልማን 3 ደብዳቤ የሚያከፋፍለው ዋናው ክፍል እና ተጠቃሚው የሚገባበት ፖስቶሪየስ የተባለው የድረ ገጽ ክፍል የየራሳቸው የመረጃ ቋት አላቸው። በድረ ገጹ ላይ "ዋና" የተባለው አድራሻ በማከፋፈያው ክፍልም "ዋና" መሆኑን ማመሳከር፣ በተለይ ከአሮጌው ዝርያ ወደ አዲሱ በሚዛወርበት ጊዜ፣ ከብዙ አቤቱታ ያድናል።

ማረጋገጫ ለምን?

ብዙ ተጠቃሚዎችን የሚያሰለቸው "አድራሻዎን ያረጋግጡ" የሚለው ጥያቄ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ የማረጋገጫው ደብዳቤ ዘግይቶ ሲመጣ ወይም ከማይፈለጉ መልዕክቶች መካከል ተቀብሮ ሲገኝ መሰላቸቱ አይገርምም። ነገር ግን ያለማረጋገጫ የሚሠራ መዝገብ አደገኛ ነው።

አንድ የልማት ማኅበር ዝርዝር ኃላፊ ከማያውቀው አድራሻ "እኔ እገሌ ነኝ፤ የድሮው አድራሻዬ ስለጠፋብኝ በዚህ ቀይርልኝ" የሚል ደብዳቤ ደረሰው እንበል። ኃላፊው ቅን ሰው ነው፤ ጠያቂውም በስሙ የሚታወቅ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነው። ያለ ምንም ማጣራት በእጁ ቀየረለት። ከዚያ ወዲያ አዲሱ አድራሻ የይለፍ ቃል ማደሻ ይጠይቃል፣ ያገኛል፣ በገንዘብ ያዡ ስም ይጽፋል። ጆሃንስበርግ ያለው አባል የሚያየው የሚያውቀውን ስም ነው። አዲስ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቢላክለት የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም። የሱቅ ገቢውን አጠራቅሞ ለትምህርት ቤት ክፍል ማሠሪያ የላከው ገንዘብ የት እንደገባ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው።

ማረጋገጫ የሚመሰክረው ጠያቂው ያን የኢ-ሜይል ሳጥን መክፈት መቻሉን ብቻ ነው። ሰውዬው ራሱ ስለመሆኑ አይመሰክርም። ስለዚህ የቀድሞው አድራሻ የማይከፈት በሆነ ጊዜ ኃላፊው በሌላ መንገድ፣ በሚያውቀው ስልክ ቁጥር ደውሎ ድምፁን ሰምቶ፣ ቢያጣራ ይመረጣል።

ሌላው አደጋ የተተወ አድራሻ ነው። ያሁ እ.ኤ.አ በ2013 ከአሥራ ሁለት ወር በላይ ያልተከፈቱ የአድራሻ ስሞችን ለሌሎች ጠያቂዎች እንደሚሰጥ አስታውቆ ይህንኑ ፈጽሟል። በዚህም የተነሳ የአንድ ሰው አሮጌ አድራሻ በማያውቀው ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ያ አድራሻ በስርጭት ዝርዝሩ ላይ ሳይነሳ ከቆየ፣ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ የሚያነበው ባዕድ ነው። የዝርዝሩ ባለቤት አድራሻ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የከፋ ይሆናል። ጎግል በበኩሉ ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን መሰረዝ የጀመረው እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2023 ነው። በውጭ አገር በስደት መንገድ ላይ ስልኩን የተቀማ፣ የይለፍ ቃሉንም የማያስታውስ ወጣት ሁለት ዓመት ሳይከፍት መቆየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በርካታ የተማሪና የተወላጅ ማኅበራት ይገለገሉበት የነበረው ያሁ ግሩፕስም እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 15 ቀን 2020 ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፤ የአባላት መዝገቡን አስቀድሞ ያላወረደ ማኅበር ከባዶ ለመጀመር ተገዷል።

ሶፍትዌሩም የማይደርሱ አድራሻዎችን ይቆጥራል። በሜይልማን 2.1 መደበኛ አሠራር መልዕክት በተመለሰ ቁጥር ለአድራሻው ነጥብ ይያዝበታል። አድራሻው ጨርሶ የሌለ ከሆነ በቀን አንድ ነጥብ፣ ሳጥኑ ሞልቶ እንደሆነ ያለ ጊዜያዊ ችግር ከሆነ ግማሽ ነጥብ ነው። አምስት ነጥብ ሲሞላ ስርጭቱ ይቋረጣል፤ ከዚያም በሰባት ሰባት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተልኮ መልስ ከታጣ አባሉ ይሰረዛል። ማስጠንቀቂያው የሚላከው ግን ወደዚያው ወደማይሠራው አድራሻ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው መሰረዙን የሚያውቀው ስብሰባ ካመለጠው በኋላ ይሆናል።

የስም አጻጻፍና የመሥሪያ ቤት አድራሻ

በአካባቢው ለድርብ ምዝገባ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ የስም አጻጻፍ ነው። ሆሳዕና ራሷ በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ ኤስ፣ አንዴ በሁለት ኤስ፣ አንዴ በሁለት ኤን ስትጻፍ ትታያለች። ከምባታም በኤ እና በኢ ይጻፋል። ታደሰ የሚለውን ስም በአንድ ዲ የሚጽፍ አለ፣ በሁለት የሚጽፍም አለ። አንድ ሰው ፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ አንድ አካውንት፣ በለመደው አጻጻፍ ሌላ አካውንት ሲከፍት በመዝገቡ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ደብዳቤም ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል፣ ምርጫ ቢኖርም ሁለት ድምፅ ይኖረዋል። ይህን ለማስተካከል ዋናውን አካውንት ለይቶ ሌላውን ማዋሃድ ወይም መዝጋት፣ አድራሻውንም ወደ ዋናው ማዛወር ያስፈልጋል። በስም መመሳሰል ብቻ ማዋሃድ ግን ስህተት ነው፤ ስመ ሞክሼ በሞላበት አገር ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ አንድን ሰው ሁለት ከማድረግ የባሰ ጣጣ አለው።

የመሥሪያ ቤቶች ነገር ለብቻው ሊነሳ ይገባል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ሆናለች፤ የከምባታ ጠምባሮ ዞንም ከምባታ ዞንና ጠምባሮ ልዩ ወረዳ ሆኖ ተዋቅሯል። መዋቅር ሲቀየር የጽሕፈት ቤት ስም ይቀየራል፣ ኃላፊም ይዛወራል። ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ለሥራ ደብዳቤ የሚገለገሉት በኃላፊው ወይም በጸሐፊዋ የግል ጂሜይል በመሆኑ ኃላፊው ሲዛወር አድራሻው፣ በውስጡም ያለው የመጻጻፊያ ታሪክ አብሮት ይሄዳል። ተተኪው ቢሮውን ይረከባል፣ ማኅተሙን ይረከባል፣ ኢ-ሜይሉን ግን አይረከብም።

እንዲህ ባለው ሁኔታ የሚመከረው የሥራ መደቡ የራሱ አድራሻ እንዲኖረው፣ በስርጭት ዝርዝሩም ላይ የሚመዘገበው ያ የመደብ አድራሻ እንዲሆን ነው። ኃላፊው በግሉ ተጠቃሚ ሆኖ ሊገባ ይችላል፤ የመደቡን አድራሻ ግን ከግል አካውንቱ ጋር ባያያይዝ ይመረጣል። አንድ አድራሻ የአንድ ተጠቃሚ ብቻ ስለሚሆን፣ አንዴ ከተያያዘ ተተኪው ሊጠቀምበት የሚችለው የቀድሞው ኃላፊ ሲለቅለት ብቻ ነው። የርክክብ ሰነድ ላይ ከወንበርና ከኮምፒዩተር ቁጥር ቀጥሎ የኢ-ሜይል ሳጥኑና የዝርዝሩ ባለቤትነት ቢሰፍር ብዙ ወረቀት አይጨምርም።

ሰውን ከአድራሻው ለይቶ የመመዝገብ ሐሳብ በአገር ደረጃም እየተሠራበት ይገኛል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ለአንድ ነዋሪ አሥራ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ ነዋሪው ስልኩን ከኢትዮ ቴሌኮም ወደ ሳፋሪኮም ቢቀይር፣ ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና ቢዛወር ቁጥሩ አይለወጥም። የስርጭት ዝርዝር ሶፍትዌር የሚሰጠው መለያም በአነስተኛ ደረጃ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ አሻራ የማይጠይቅ መሆኑ ነው።

አድራሻውን ለመቀየር የሚያስብ አባል ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይኖርበታል። አሮጌው ሳጥን ገና በሚከፈትበት ጊዜ ወደ አካውንቱ ገብቶ አዲሱን አድራሻ ይጨምራል፤ ወደ አዲሱ ሳጥን የተላከለትን የማረጋገጫ መስመር ይከፍታል፤ ከዚያም አዲሱን "ዋና" ያደርጋል። ቀጥሎ እያንዳንዱን ዝርዝር ከፍቶ አባልነቱ በዋናው አድራሻ ይሁን በተለየ አድራሻ የታሰረ ይሁን ይመለከታል፤ በአሮጌው የታሰረ ካገኘ ያዛውረዋል። አሮጌውን የሚያነሳው በመጨረሻ ነው። ቸኩሎ አስቀድሞ ልሰርዝ ቢል "ዋና" የሆነ አድራሻ ሊሰረዝ እንደማይችል ሶፍትዌሩ ራሱ ይነግረዋል። የዝርዝር ባለቤት የሆነ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ከመጀመሩ በፊት በዚያው ዝርዝር ላይ ሁለተኛ ባለቤት ይጨምራል፤ የሁለተኛውም አድራሻ ከእርሱ የተለየ ድርጅት የሚሰጠው ቢሆን ይመረጣል። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሆሳዕና፣ ወይም አንዱ እዚህ ሌላው ጆሃንስበርግ ቢሆን፣ የአንዱ ሳጥን በተዘጋ ቀን ሌላው ይከፍተዋል።